ከልደታ እስከ መስቀል፦ የደብረ ብርሃን የጓሮ ሙያ በሚኒሶታ አፈር

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። ከቤታችን ጀርባ ባለችው ጓሮ እናቴ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና ባቄላ ታለማ ነበር፤ እኔም ዶማ ማንሳት ከቻልኩበት ቀን ጀምሮ አብሬያት ኮትኩቻለሁ። ከ11 ዓመት በፊት አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ ስገባ "ብርድ እንኳ አዲስ አይሆንብኝም" ብዬ ነበር። በሰፈሩ የጋራ አትክልት ስፍራ አንድ ቁራጭ መሬት ተከራይቼ እናቴ እንዳስተማረችኝ ዘራሁ። በዚያ ዓመት ባቄላው አበባውን አራገፈ፣ ጎመኑ ለድስት የሚበቃ ቅጠል ሳይሰጥ አበበ፣ ቀይ ሽንኩርቱ ብይ አክሎ ቀረ። ከሁሉም ያገኘሁት ድንቹን ብቻ ነው።

በአፈር አያያዝ፣ በአረምና በኩትኳቶ አልተሳሳትኩም። የሳትኩት ጊዜውን ነው። አገር ቤት ገበሬ የሚጠብቀው ዝናብ ነው፤ ብርሃኑም ሙቀቱም ዓመቱን ሙሉ ስላለ ውሃ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይነሳል። እዚህ ውሃ ከቧንቧ ይገኛል፤ የሚጠበቀው ሙቀትና ብርሃን ነው። ስለዚህ ወደ አዲስ አገር የሄደ አትክልተኛ ሁሉ ዘር ከመግዛቱ በፊት "እዚህ የሚጎድለው ምንድን ነው? የጎደለውስ በየትኛው ወር ይመጣል?" ብሎ ይጠይቅ። እስራኤል አገር፣ ቤርሳቤህ ከተማ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ጎመኗን የምትዘራው በጥቅምት ነው፤ እዚያ ዝናቡ የሚጥለው በብርዱ ወራት ሲሆን በጋው ቅጠል ያቃጥላል። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ሰውም የሚተክልበት ወቅት ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከጥቅምት ወዲህ ነው። እኔ የምጽፈው ስለማውቀው ስለ ሚኒሶታ ነው፤ ጥያቄው ግን የትም ያው ነው።

ሁለቱ በዓላት

ዓመቱን በሁለት በዓል አስሬዋለሁ። አንዱ ግንቦት ልደታ ነው፤ ግንቦት 1፣ በፈረንጆቹ ሜይ 9። በሴንት ፖል የመጨረሻው ውርጭ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰሞን ያበቃል፤ ጥንቁቆቹ አትክልተኞች ግን እስከ ግንቦት 7 ይታገሳሉ። ሁለተኛው መስቀል ነው። አገር ቤት አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብስ፣ እዚህ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የመጀመሪያው ውርጭ ይወርዳል። በሁለቱ በዓላት መካከል 141 ቀን አለ። ብርድ የማይችል ተክል ሁሉ ተተክሎ፣ አፍርቶ፣ ተለቅሞ ማለቅ ያለበት በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው። ብርድ የሚችለው ደግሞ ከልደታ በፊት ሊገባ፣ ከመስቀልም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ሌላ ከተማ የምትኖሩ ሁሉ የራሳችሁን ሁለት ቀኖች በአካባቢያችሁ ካለ የግብርና ምክር አገልግሎት ጠይቃችሁ በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ክበቡባቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ከእነዚያ ቀኖች ወደፊትና ወደኋላ መቁጠር ነው።

ቀኑ ብቻ ግን አይበቃም፤ አፈሩም መሞቅ አለበት። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚገባ የአፈር ቴርሞሜትር ግዙ፤ ዋጋው ብዙ አይደለም። በጠዋት አፈሩ ውስጥ ሰክታችሁ አንብቡት፤ ቀትር ላይ የሚነበበው ያታልላል። ባቄላና አተር አፈሩ 5 ወይም 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይበቅላሉ፣ ድንች ከ7 እስከ 10 ይፈልጋል፣ ቦሎቄ 15፣ ቃሪያ ግን 18 ሳይሞላ ቢተከል ቆሞ ይቀራል እንጂ አያድግም። እዚህ የሚሸጠው ቴርሞሜትር በፋራናይት ስለሆነ 45፣ 50፣ 60 እና 65 የሚሉትን ቁጥሮች ልብ በሉ፤ በቅደም ተከተል 7፣ 10፣ 15 እና 18 ዲግሪ አካባቢ ናቸው።

ይህን ያስተማሩኝ ከላኦስ ተራሮች የመጡ አንዲት አረጋዊት የህሞንግ እናት ናቸው። በሴንት ፖል የህሞንግ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በአትክልት ሥራ የሚስተካከላቸው አላየሁም። በሁለተኛው ዓመቴ፣ ልደታ ሊሆን ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ቀኑ እንደ በጋ ሞቆ ሰው ሁሉ ቲማቲምና ቃሪያ ይተክል ነበር። እኚያ ጎረቤቴ የቃሪያ ችግኞቻቸውን በሳጥን ይዘው መጡ። በርከክ ብለው ጣቶቻቸውን እስከ ግማሽ ድረስ አፈሩ ውስጥ ሰደዱና ጥቂት ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው ተነሡ፤ ሳጥኑን መልሰው መኪናቸው ውስጥ ከተቱት። ወደ እኔ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቋንቋ ስላልነበረን ሌላ የተነጋገርነው የለም። እኔ ተከልኩ። በሦስተኛው ሌሊት ውርጭ ወረደ፤ ጠዋት ስደርስ የችግኞቼ ቅጠል የተቀቀለ ጎመን መስሎ መሬት ላይ ተኝቷል።

ባቄላና ነጭ ሽንኩርት፦ የለመድነው ሁሉ በተቃራኒው ወር

ደብረ ብርሃን ባቄላ የሚዘራው በሰኔ መጨረሻ ነው። እኔም እዚህ እንዲሁ አደረግኩ። ቡቃያው ያምር ነበር፤ በነሐሴ መጀመሪያም ያ ነጭና ጥቁር አበባው ወጣ። ነገር ግን ቀኑ 32 ዲግሪ ገብቶ ሰነበተና አበባው ሳይቋጥር ረገፈ። ባቄላ የደጋ ተክል ነው፤ በአበባው ጊዜ ሙቀት ከበዛበት ፍሬ አይይዝም። አሁን የምዘራው ከሚያዝያ 10 ጀምሮ ነው። አፈሩ ከበረዶ ተላቆ፣ በእጅ ሲጨብጡት ጭቃ ሳይሆን ሲፈረፈር፣ ያን ቀን እዘራለሁ። ቡቃያው ቀላል ውርጭ አይጎዳውም፤ በረዶ ጥሎበት ቀልጦ ቀና ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። እሸቱ የሚደርሰው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። አገር ቤት ያላችሁ እሸት ለመብላት ጥቅምትን ስትጠብቁ እኛ በልተን ጨርሰናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እዚህ በዘር መደብር "ቢን" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ቦሎቄ ነው። የእኛው ባቄላ "ፋቫ" የሚለው ነው። ቦሎቄን በሚያዝያ ብትዘሩት አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ነው። እናቴ በክረምቱ መግቢያ ነበር የምትተክለው። እዚህ የሚተከለው ከመስቀል በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት፣ ሁሉም ሰው መሬቱን አጽድቶ ሲለያይ ነው። ፍልቃቂውን ሳትልጡ፣ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩት፤ በመካከላቸው አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገለባ ጎዝጉዙበት። ሥሩን ይሰዳል፣ መሬቱ ከላዩ ይረጋል፣ እስከ መጋቢት ድረስ ከበረዶ በታች ያድራል። ብርዱ ጉዳት አይሆንበትም፤ እንዲያውም ያንን ብርድ ካላገኘ ራሱ ወደ ፍልቃቂ አይከፈልም። ለዚህ አገር የሚሆነው መካከሉ ላይ ጠንካራ ግንድ ያለው ዓይነት ነው። በሰኔ ያ ግንድ እንደ ቀለበት ተጠምዝዞ ይወጣል፤ ቁረጡት፣ ጉልበቱ ወደ ራሱ እንዲሄድ። የተቆረጠው አይጣልም፤ በጥብስ ውስጥ ከነጭ ሽንኩርቱ የለሰለሰ ጣዕም አለው። ሐምሌ ላይ የታችኞቹ ሦስት ቅጠሎች ሲደርቁ በዶማ ሳይሆን በሹካ አካፋ ፈልቅቁትና ጥላ ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል ሰቅላችሁ አድርቁት።

የቀኑ ርዝመት

ደብረ ብርሃን ላይ በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ማንም አትክልተኛ ቀን ቆጥሮ አያውቅም። ሴንት ፖል ግን በሰኔ አጋማሽ ብርሃኑ 15 ሰዓት ተኩል ይቆያል፤ በታኅሣሥ 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኛ ባናስተውለውም ተክሎች ይህን ይቆጥራሉ።

ቀይ ሽንኩርቴ ብይ ያከለው በዚህ ነው። ሽንኩርት ራስ መቋጠር የሚጀምረው ቀኑ የሚበቃውን ያህል ሲረዝምለት ነው። አገር ቤት የሚመረቱት እንደ አዳማ ሬድና ቦምቤይ ሬድ ያሉት 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን ይበቃቸዋል። እንዲህ ያለውን የአጭር ቀን ዝርያ እዚህ ስትተክሉት፣ ገና ሦስት ቅጠል ሳለ ቀኑ አስቀድሞ ስለረዘመበት ወዲያው ለመቋጠር ይቸኩላል፤ ቅጠል ከሌለው ደግሞ ራሱን በምን ያሳድግ? ከፓኬቱ ላይ "የረጅም ቀን" የሚለውን ፈልጉ። በየካቲት ቤት ውስጥ ዘርታችሁ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ወደ ውጭ አውጡት፤ ቀላል ብርድ ይችላል።

ጎመኑንም ያሳበበው የቀኑ መርዘምና ሙቀቱ ነው። የሐበሻ ጎመንን በሰኔ የዘራ ሰው አበባ ያጭዳል። እኔ ሁለት ጊዜ እዘራለሁ፦ አንዱን በሚያዝያ አጋማሽ፣ ሌላውን ቀኑ ማጠር ከጀመረ በኋላ፣ በሐምሌ አጋማሽ። ኮላርድ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ጎመን የበለጠ ይታገሣል፤ በበጋው መካከል ቅጠል የሚሰጠኝ እሱ ነው። ነጫጭ ቢራቢሮዎች በላዩ ሲዞሩ ካያችሁ እንቁላል እየጣሉ ነው፤ ከተዘራበት ቀን ጀምሮ ስስ መረብ አልብሱት፣ መድኃኒት አያስፈልግም። የሁለተኛው ዙር ጎመን ከመስቀል በኋላ ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣል፤ ቅጠሉ ብርዱን ለመቋቋም ስኳር ያበዛልና። እስከ ኅዳር መጀመሪያ ለቅሜ፣ የተረፈውን ለብ አድርጌ ቀቅዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለጾመ ነቢያት አስቀምጣለሁ።

የፀሐይን አቅጣጫ ሳልጨምር አልለፍ። አገር ቤት ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላ አያሳስብም። እዚህ በጸደይና በመስከረም ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምትሄድ፣ የአንድ ቤት ጥላ በሰሜን በኩል ያለውን መሬት ሁሉ ይሸፍነዋል። መደባችሁን ከቤት ደቡብ አድርጉ፤ በቆሎና ቲማቲምን የመሰለ ረጅም ተክል ደግሞ በመደቡ ሰሜናዊ ዳር ይሁን።

ቃሪያ ቤት ውስጥ ይጀመራል

141 ቀን ለቃሪያ አይበቃም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት ቤት ውስጥ መኖር አለበት። በመጋቢት አጋማሽ እዘራለሁ። ዘሩ ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል፤ ለችግኝ የሚሸጥ ማሞቂያ ምንጣፍ ከሥሩ አድርጉለት። ከበቀለ በኋላ የመስኮት ብርሃን አይበቃውም፤ ቀጥኖና ረዝሞ ይወድቃል። ተራ የኤልኢዲ መብራት ከቅጠሉ በላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት አብሩለት።

አሁን የምነግራችሁን እባካችሁ አትዝለሉት። ቤት ውስጥ ያደገ ችግኝ በአንድ ቀን ውጭ አይወጣም። እኔ አንድ ዓመት 30 ያማሩ ችግኞች በፀሐያማ ቀን አውጥቼ ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ የቅጠሉ መካከል እንደ ወረቀት ነጥቶ፣ ጫፉ ደርቆ ነበር። ውርጭ አልነካውም፤ ፀሐይና ነፋስ ናቸው ያቃጠሉት። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ በሁለተኛው ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ጥቂት የጠዋት ፀሐይ፣ እንዲህ እያላችሁ በ10 ቀን ውስጥ ሙሉ ቀን አስለምዱት። ሌሊት ይግባ። ግንቦት 20 አካባቢ አፈሩ 18 ዲግሪ ሲሞላ ተከሉት። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ለቃሪያ የሚቆጠረው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ስትመርጡ ቁጥሩ ትንሽ የሆነውን ውሰዱ።

አረንጓዴው ቃሪያ ይተርፋል። ለበርበሬ የሚሆን ቀይ ግን ለመቅላት ተጨማሪ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ከቀላም በኋላ የሴንት ፖል የመስከረም ፀሐይ አያደርቀውም፣ ይሻግታል። በ55 ወይም 60 ዲግሪ የሚሠራ የምግብ ማድረቂያ መሣሪያ ተበድሬ ነው የማደርቀው።

የውርጭ ሌሊት

ከሁሉም ሙያ ሳይለወጥ አብሮኝ የተሻገረው ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ውርጭ የሚመጣው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ምልክቱን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከአምስት ዓመት በፊት በመስከረም፣ አየር ትንበያው 3 ዲግሪ ስላለ ልተኛ ስል እናቴ ደወለች። እሷ ኪዳን ልትሄድ ተነሥታለች፤ እዚህ ገና ምሽት ነው።

"ሰማዩ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ጠርቷል፣ እማዬ።"

"ነፋስስ?"

"ቅጠል አይነቃነቅም።"

"መሬትሽ ረባዳ ነው አላልሽኝም? ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ ሸፍኚ።"

ሄድኩ። አንሶላና አሮጌ ጋቢ ይዤ በባትሪ ብርሃን ቃሪያውንና ቲማቲሙን አለበስኩ። ጠዋት ያልሸፈንኩት የዱባ ቅጠል ጠቁሯል፤ ከሥር የነበረው ደህና ነው። ትንበያው ዋሽቶ አልነበረም፤ የአየሩ ሙቀት የሚለካው ከመሬት ከፍ ብሎ ነው፣ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይፈስሳል። ሰማይ ከጠራና ነፋስ ከቆመ፣ ትንበያው 3 ወይም 4 ዲግሪ ቢልም ሸፍኑ። መሸፈኛው ጨርቅ ይሁን፤ ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካበት ቦታ ይቃጠላል። ጫፉ መሬት ይንካ፣ የአፈሩ ሙቀት እንዳያመልጥ። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ግለጡት።

አፈሩና መደቡ

እኛ አካባቢ መረሬ አፈር ውሃ ስለሚቋጥር ፈሰስ ማውጣትና መደብ ማንሳት የለመድነው ነው። እዚህም መደብ አነሣለሁ፤ ከፍ ያለ መደብ ውሃውን ያንጠባጥባል፣ በጸደይም ከሜዳው ቀድሞ ይሞቃል። በቤታችሁ ግቢ የምትተክሉ ከሆነና ቤቱ በፈረንጆቹ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ የድሮው ቀለም እርሳስ ስላለበት በግድግዳው ሥር ያለው አፈር ሊበከል ይችላል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ናሙና ተቀብሎ ይመረምራል፤ ልጆቻችሁ የሚበሉት ጎመን ስለሆነ ይህን አትተዉት። በሐምሌ ዝናብ ሲጠፋ በሳምንት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል፤ በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት ሁለት ጊዜ በጥልቀት ማጠጣት ይሻላል። ጥንቸል ብዙ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ አጥር ሥሩን ቀብራችሁ እጠሩ።

በሶብላና ጤና አዳም

ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ይዞ መምጣት ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰድባችኋል። ለጥቂት ዘር ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ ከዚያ ይልቅ ግን እዚሁ ካፈሩ ሰዎች መለመን ይቀላል። የእኔ በሶብላ የመጣው በቤተ ክርስቲያን ከምናውቃቸው አንዲት እናት ነው። በሚያዝያ ቤት ውስጥ እዘራዋለሁ፣ በሰኔ መባቻ ውጭ ይወጣል። ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ሌሊት ቅጠሉን ስለሚያጠቁረው መስቀልን አይጠብቅም፤ አበባውን ከነዘንጉ በጳጉሜን ቆርጬ ወጥ ቤት ውስጥ እሰቅለዋለሁ።

ጤና አዳምና ኮሰረት የሚኒሶታን ብርድ ስለማይችሉ ሁልጊዜ በማሰሮ ናቸው። ጤና አዳምን በጠራራ ፀሐይ በባዶ እጅ አትቁረጡ፤ ፈሳሹ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቆስላል። ቀዝቃዛው ሌሊት ሲጀምር ቅጠላቸውን አጥቤ፣ ተባይ እንደሌለ አይቼ፣ በደቡብ መስኮት ሥር አስቀምጣቸዋለሁ። እስከ መጋቢት ብዙም አያድጉም፤ አፈራቸው ሲደርቅ ብቻ ጥቂት ውሃ ይበቃቸዋል።